ብርቅ ብረት

አማርኛችን «ብርቅ» የሚል ግሩም ቃል አለው። እንደ ልብ የማይገኝ፣ ያልተለመደ ማለት ነው፤ ግን ቃሉ በዚያ አይቆምም፤ ውድና የሚያጓጓ የሚለውንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። እናት «ልጄ ብርቄ ነው» ስትል ስለ ቁጥር አታወራም። ጥቂትነትንና ክብርን በአንድ ጉያ ያቀፈ ቃል መያዛችን መቼም ጠባያችንን ያሳብቅብናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የምንለውም እኛው ነን።

ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ጥቂት መሆኑ ብቻውን ክቡር ያደርገዋልን? አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ውኃ ይህን ያህል ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ርካሽ፣ አልማዝ ደግሞ እምብዛም ሳይጠቅም ውድ መሆኑን አንሥቶ ነበር። እኔ ምሳሌዬን የማመጣው ከማሳ ነው፤ ከአሮጌ የእርሻ ትራክተር። አንባቢ አይሳቅ! በአሜሪካና በአውሮፓ አሮጌ ትራክተር እያሰሱ የሚገዙ፣ ዝገቱን ፍቀው፣ ቀለሙን መልሰው፣ ሞተሩን አስነሥተው በአደባባይ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ገበያ ዕድሜያቸውም ጉልበታቸውም የሚቀራረብ ሁለት ትራክተሮች ቀርበው፣ አንዱ በመናኛ ዋጋ ሲሄድ ሌላው ሲያሻማ ይውላል።

ከመናኛው እንጀምር። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 ያመረታት 8ኤን የምትባል ትንሽ ትራክተር አለች። ከ500,000 በላይ ተሠርታለች። አያያዟ ቀላል፣ ጥገናዋ ቀላል፣ የኋላ ማንሻዋ ማረሻውን በዘይት ግፊት ብድግ የሚያደርግ ነው። ከበቅሎና ከፈረስ ወደ ሞተር ለተሻገረው ትንሽ ገበሬ ባለውለታው ነበረች። ዛሬም በየገጠሩ ሣር የምታጭድ አትጠፋም። ብርቅ የሚላት ግን የለም።

በሌላው ጫፍ ያለው የሚኒያፖሊስ ሞሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ዩዲኤልኤክስ ነው፤ «ኮምፎርትራክተር» ይሉታል። በዘመኑ ያልታየ ጉድ ነበር። እንደ መኪና የተዘጋ ጋቢና አለው፤ በጋቢናው ውስጥ ማሞቂያ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ለተሳፋሪ የሚሆን መቀመጫ አለ። ገበሬው ቀን ማሳውን አርሶ፣ ማታ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ከተማ ይገባበታል ተብሎ የታሰበ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ዋጋው ግን ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ጊዜውም የአሜሪካ ገበሬ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትና መሬቱን ጠርጎ ከወሰደው የአቧራ ማዕበል ገና ያላገገመበት ነበር። ገበሬው አየ፣ ተገረመ፣ ሳይገዛ ሄደ። የተሠሩት 150 ያህል ብቻ ናቸው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው ትራክተሮች አንዱ ይኸው እንቢ የተባለው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ትልልቆቹ ትራክተሮች ጋቢናም ማሞቂያም ሬዲዮም ስላላቸው «ኮምፎርትራክተር ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ክብሩ ይገባዋል» የሚል ይኖራል። ይሁን። ነገር ግን ያው ትራክተር፣ በዚያው ጋቢናና በዚያው ሬዲዮ፣ ግማሽ ሚሊዮን ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ማን ዘወር ብሎ ያየው ነበር? ዛሬ የሚከፈልለት ገንዘብ ለሬዲዮው አይደለም። የሚከፈለው በ1938 እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ለተመለሱት ገበሬዎች እንቢታ ነው። እነዚያም ገበሬዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ዕዳቸውንና ማሳቸውን አይተው የወሰኑ ሰዎች ናቸው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልገዛም ነበር።

ጥቂት ሆኖ መቅረት ሁልጊዜ ከገዢው እንቢታ አይመጣም። ጆን ዲር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጆሴፍ ዴይን የነደፈውን፣ ሦስቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ ትራክተር 100 ያህል አሠርቶ ነበር። ዴይን ትራክተሩ ገበያ ሳይገባ እ.ኤ.አ. በ1917 ሞተ። ኩባንያው ደግሞ በ1918 «ዋተርሉ ቦይ» የተባለ፣ ዋጋው እጅግ የቀለለ ትራክተር የሚሠራ ፋብሪካ ገዛ። የዴይን ነገር በዚያው አበቃ፤ ከአንድ መቶው የተረፉት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ትራክተሩ በሥራ አልተረታም፤ በቢሮ ውስጥ በተደረገ ሒሳብ ነው የቀረው።

ሌላም አለ። አሜሪካ ጦርነት ከገባች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ መንግሥት ቁርጥራጭ ብረት አምጡ ብሎ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። ገበሬውም ከጎተራው ጀርባ የቆመውን የእንፋሎት ሞተር፣ የብረት ጎማ ያለውን የጥንት ትራክተር እየጎተተ አስረከበ። በሺህ ተሠርቶ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቂት ሆነ። ልጁ ጦር ግንባር ያለ አባት ይህን አሮጌ ብረት ለታሪክ ባስቀረው ብሎ ቢያስብ ነበር የሚገርመኝ።

ወደ ሰብሳቢዎቹ ልመለስና፣ ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋልጠውን ላንሣ። ለፍራፍሬ እርሻ ተብለው የዛፍ ቅርንጫፍ እንዳይጎዱ ጎማቸው በሰፊ ፓራፋንጎ የተሸፈነ፣ ለሸንኮራ አገዳም ተብለው ከፍ ብለው የተሠሩ የትራክተር ዓይነቶች አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ውድ ናቸው። ታዲያ ተራውን ትራክተር ቀጥለውና ለውጠው ብርቅ የሚያስመስሉ አስመሳዮች ተነሡ። ገዢውም ከሁሉ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ የፋብሪካው ቁጥር የተቀረጸባትን ቁራጭ ብረት ይመረምራል። ሞተሩ አንድ፣ ጉልበቱ አንድ፣ ዓይን የሚያየው ሁሉ አንድ፤ ዋጋው የሚያድረው በዚያች ቁጥር ላይ ነው። ክብሩ በብረቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቁጥር ማየት ምን ያደርጋል?

ይህን ስል ሰብሳቢዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ነገር የቀረው የመጨረሻው ሲጠፋ ተመልሶ የማይመጣ ነገር ይጠፋል፤ የዴይን ትራክተር ሦስቱ ጎማዎች እንዴት አብረው እንደሚጎትቱ በዓይን አይቶ መረዳት የሚቻለው አንዱ እስካለ ድረስ ነው። ብርቅ የሆነ ነገር ከሌላው አይበልጥም፤ ጠባቂ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታታችን ነው የሚያሳስበኝ። መብለጥና መጠበቅ የሚገባው መሆን አንድ ሲመስለን፣ የሞላው ነገር ሁሉ ጠባቂ የማያሻው ይመስለናል።

በእኛ አገር ነገሩ መልኩን ይለውጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው እንደሚያየው፣ እዚህ ብረት አርፎ አያረጅም። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። የመኪናው ባሌስትራ አንጥረኛ እጅ ገብቶ ቢላዋ ወይም ማረሻ ሆኖ ይወጣል፤ ጎማው በርባሶ ይሆናል። ይህ መናቅ ነው ልል አልደፍርም። ለድሃ ሰው አንድን ዕቃ እስከ ጥግ ድረስ መገልገል የማክበሪያ መንገድ ነው። ታሪክ ግን ይበላል፤ ማረሻ የሆነውን ባሌስትራ ከየትኛው መኪና ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እነዚያ ግማሽ ሚሊዮን የ8ኤን ትራክተሮችም ሳይታወቅባቸው እየቀነሱ ነው። አንዷ ሞተሯ ተሰንጥቆ ትቆማለች፤ ማርሿን ለጎረቤት ይነቅሉላታል፤ ቀሪው በኪሎ ይሸጣል። ባለቤቷ አያዝንም፤ በሚቀጥለው መንደር ሌላ አለች።