የሁለቱ አማቾች ዱቤ

ከጅጅጋ ወደ ምሥራቅ፣ በሃውድ ሜዳ፣ ሁለት አማቾች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ታናሹ የታላቁን እህት አግብቷል። ሃውድ ወንዝ የለውም፤ ሰውንም ግመልንም የሚያዘልቀው በየቢርካው፣ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። የአንዱ ሲደርቅ ከሌላው ይጠጣሉ፤ ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

አንድ ዓመት ጅብ በዛ። ታናሹ ከአንድ ነጋዴ ጠብመንጃ በዱቤ ገዛ። «ለጅብ ነው» አለ፤ እውነቱን ነበር። ታላቁ ግን ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ከሌላ ነጋዴ ሁለት ገዛ። ታናሹ ሰምቶ ሦስት አደረገ። ማን ጀመረው ቢባል ሁለቱም ሳይዋሹ ይካሰሳሉ። (ቱሲዲደስ የሚባል ግሪካዊ ከ2,400 ዓመት በፊት የአቴናን ጦርነት ሲጽፍ ሥሩን ፍርሃት ላይ ነው ያገኘው፤ ሃውድን ሳያይ።)

ከዚያ የታላቁ ልጆች እርስ በርስ ተፋጁ። ታናሹ «ጊዜው አሁን ነው፤ ደግሞስ ቢርካው የአባቴ ነበር» ብሎ ዘመተና ያዘው። የታላቁ ነጋዴ ቀድሞ ተጣልቶት ሄዷል። የታናሹ ነጋዴ ደግሞ ብዙ ግመል ያለው ማን እንደሆነ አሰላና ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ታላቁ ተሻገረ።

ጅጅጋ ያደገ ሰው ስም አያስፈልገውም፤ ለሌላው ግን ልናገር። አሜሪካ ከአሥመራው ቃኘው ጣቢያ እንድትወጣ የታዘዘችው ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ፤ መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች። ኅዳር ላይ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረ፤ መሣሪያው ለደርግ ይጎርፍ ጀመር፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች። በ1972 አሜሪካ የበርበራን ወደብ የመጠቀም ፈቃድ ከዚያድ ባሬ አገኘች። ነጋዴዎቹ ገበያ ተለዋወጡ እንጂ አልከሰሩም።

አማቾቹ የታረቁት ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም አንዱ የሌላውን ሸፋች ልጅ ላያስጠጋ በመማማል። ታናሹን የከዱት ልጆቹ መጠጊያ ሲያጡ ወደ አባታቸው ቤት ተኩሰው ገቡ፤ እሱም በዱቤ በገዛው መሣሪያ የገዛ ቤቱን አነደደ። የሰሜን ሶማሊያዋ ሀርጌሳ በ1980 የደረሰባት ይኸው ነው፤ ሕዝቧም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐርትሼክ ጎረፈ።

እህትየውም የልጅ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቢርካ ደረሰች። እረኞቹ አመነቱ።

«ቅዱላት» አለ ታላቁ።

«ወንድሜ፣ ለሁላችን ይበቃል?» አለችው።

አልመለሰላትም። ዱሮ ሁለተኛ ቢርካ ሊያስቆፍር ብድር ጠይቆ ነበር፤ ነጋዴው ግን ለጠብመንጃ እንጂ ለሲሚንቶ ዱቤ አልሰጥም ብሎታል።