ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው መቼ ነው?

በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ገዥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አንድ ሕግ ፈርመዋል። ከ2027-28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በግዛቲቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ3ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሁሉ በየዓመቱ የአእምሮ ጤና ምርመራ ይቀርብላቸዋል። የሚመረመረው ታሟል ተብሎ የተጠረጠረው ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውም ጭምር ነው። የማይፈልግ ወላጅ «ልጄ ይቅርብኝ» ማለት ይችላል። ዝም ካለ ግን እንደ ፈቀደ ይቆጠራል።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ዝምታ ነው።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበዋል አልልም። ወላጅ ሳያውቅ ውስጥ ውስጡን የሚነድ፣ ራሱን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ልጅ አለ። በኛም ዘንድ ቢሆን «ጂን ነው፣ ዓይን ነው» እየተባለ ሕክምናው የሚዘገይበት፣ ለትዳሯ እንቅፋት ይሆናል ተብሎ የልጅቱ ሕመም የሚደበቅበት ቤት ጥቂት አይደለም። ምርመራውን የሚቃወም ሁሉ ለእነዚህ ልጆች መልስ ሊኖረው ይገባል።

ለመሆኑ ግን ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው መቼ ነው? በፊቅህ ያላገባች ልጃገረድ ለኒካሕ ስትጠየቅ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ እንደሚወሰድ አንባቢ ያውቃል። ይህ ግን ተጠይቃ፣ ነገሩ ገብቷት፣ እምቢ ማለት እየቻለች ዝም ስትል ነው። ያልተጠየቀ ሰው ዝምታ ምንም አይናገርም። ቺካጎ ውስጥ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድር አባት፣ በልጁ ቦርሳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተጣጥፎ ስለተቀመጠ ብቻ ተጠይቋል ይባላልን?

«ቢመረመር ምን ይጎዳዋል?» የሚሉኝ አሉ። በምሳሌ ላስረዳ። ከ1,000 ልጆች 50ዎቹ በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከእነዚህ 40ውን ያገኛል፤ ከ950ዎቹ ጤነኞች ደግሞ ከመቶ አሥሩን ብቻ በስህተት ይጠረጥራል። ድምሩ 135 ነው፤ ከእነዚህም 95ቱ ጤነኞች ናቸው! አያቱ ሞተውበት ያዘነ፣ ወይም ለአዲስ አገር ባይተዋር የሆነ ልጅ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። መጠይቁን የሚያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ይህ ምልክት እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም ይላሉ። ችግሩ ወረቀቱ በፋይል ከተቀመጠ በኋላ ይህን ልዩነት የሚያስታውስ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሥጋቱ ካለፈው የመጣ ነው። የፕሬዚዳንት ቡሽ የአእምሮ ጤና ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት ሁለት ፕሮግራሞችን በአርአያነት ጠቅሶ ነበር። አንደኛው ተማሪዎችን የሚመረምረው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲንስክሪን ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ የወላጅን ዝምታ እንደ ፈቃድ በመውሰዱ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በ2012 ተዘግቷል። ሁለተኛው የቴክሳስ የመድኃኒት አሰጣጥ መመሪያ ነው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሪስፐርዳል የተባለውን መድኃኒት ለማስፋፋት በዚህ መመሪያ ተጠቅሟል ተብሎ በቴክሳስ ተከስሶ፣ በዚያው በ2012 ጉዳዩን በ158 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጨርሷል። እንግዲህ «ማን ይጠይቃል? ማንስ ያተርፋል?» የሚል ወላጅ ተጠራጣሪ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም።

በበኩሌ ምርመራው ይቅር አልልም። ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይጠየቅ፣ ከፈቀደም «አዎ» ብሎ ይፈርም። የተጠረጠረውን ልጅ በስንት ቀን ውስጥ የትኛው ሐኪም እንደሚያየው፣ ወረቀቱ ማን ዘንድ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ከመጠየቁ በፊት ይነገረው። በዚያ ልጆች የሚያስተምሩ ወገኖቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሄዱ መልካም ነው፤ እንግሊዝኛው ለከበደው አባት ደግሞ ጎረቤቱ አብሮት ይሂድ።