ሽማግሌ አባት ጣቱን ስለሚያኖርበት ወረቀት

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አባት ቤት በአባት ፊት መናገር ሞቱን መመኘት ይመስላልና ብዙ ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም አክብሮት ይለዋል። ነገር ግን ዐይኑ ለፈዘዘው አባት በሌሊት ወረቀት አቅርቦ «እዚህ ላይ ጣትዎን ያኑሩልኝ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ዝምተኛ ልጅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ፈራሽ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ቢሆን ሁለት ይበቃሉ። ቤትን በስጦታ መስጠትም በዚሁ ሥርዓት ካልሆነ አይጸናም። ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባትም ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ አለበት። መነበቡ ለምን አስፈለገ? ማንበብ ለተሳነው ሰው ጆሮው ዐይን ይሆንለት ዘንድ ነው።

«ወንድሞቼ በሩቅ አገር ሲኖሩ ያጠብሁትና ያጎረስሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱ አይገባኝምን?» የሚል አለ። ወላጅን መቀለብ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ግዴታ ነው፤ ቢሆንም የዚህን ልጅ ድካም አልንቅም፤ ምናልባትም ቤቱ ይገባው ይሆናል። የሚገባው ከሆነ ግን አባቱ ራሱ፣ ወንድሞቹ እየሰሙ፣ ይናገርለት። ድካሙ እውነት የሆነ ሰው ከምስክር የሚሸሸው ስለ ምንድን ነው?

እንግዲህ ሽማግሌው ዛሬ ይጠየቅ፤ ያውም አእምሮው በረጋበት ማለዳ እንጂ ሕመም በጸናበት ሌሊት አይሁን። ምስክሮቹም ከንብረቱ ድርሻ የማይጠብቁ ጎረቤቶች ይሁኑ።