«እውነት ነው ወይ?» ብላ ለጠየቀች እናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕፃናት ጤና ጣቢያ፣ እዚህ «ቲፓት ሐላቭ» በምንለው፣ በአስተርጓሚነት ስሠራ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት ዓመት የሞላውን ልጇን አዝላ መጣች። የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ክትባት የሚወስድበት ቀን ነበር። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ስትጠጋ፣ እናቲቱ ልጁን ወደ ደረቷ ሰብስባ ወደ እኔ ዞረችና፣ «እቴ፣ ይህ መርፌ ልጅ አፉን እንዳይፈታ ያደርጋል ይላሉ። እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞስ እንደዚያኛው መርፌ እንዳይሆን» አለች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ስተረጉምላት ነርሷ ፈገግ ብላ፣ «ወሬ ነው በያት፤ መርፌው ምንም አያደርግም» አለችኝ። ሁለተኛው ግን አልገባትም። «የትኛው መርፌ?» አለች። የትኛው እንደሆነ እናቲቱም እኔም እናውቃለን። እኔም በዚያች ደቂቃ ነገሩን ማስረዳት ፈራሁና «ምንም አይደለም» ብዬ አለፍኩት። እናቲቱ አንገቷን ነቀነቀች፤ ልጇን መልሳ አዘለችና፣ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

በጤና ላይ የሚናፈሰውን የሐሰት ወሬ እንዲመልሱ የጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ዛሬ በብዙ አገር የተያዘ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ኮሮና ዓለሙን ባስጨነቀበት በ2020 ለዚሁ ጉዳይ ሥልጠና መስጠት ጀምሯል (ዓመቶቹን የምጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው)። ሥራው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ከሥልጠናው በፊት የሚመጣ አንድ የሕሊና ጥያቄ አለ። ሰውን ለሚጠቅመው ነገር ለማብቃት ሲባል ትንሽ ውሸት መናገር፣ ወይም እውነቱን ደብቆ ማለፍ፣ ይፈቀዳል ወይ? ነርሷ «ምንም አያደርግም» ያለችው ለልጁ ደግ አስባ ነው። በር ላይ የሚጠብቋት እናቶችም ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ቃሏ ልክ አልነበረም። ከዚህ ክትባት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ትኩሳት የሚይዛቸው ልጆች አሉ፤ ሽፍታ የሚወጣባቸውም አሉ። ከሚሊዮን አንድ ያህል ደግሞ ብርቱ አለርጂ ሊገጥመው ይችላል። «ምንም አያደርግም» የተባለች እናት በሳምንቱ ልጇ ሲያተኩስ ምን ታስባለች? ዋሹኝ ትላለች፤ ዋሽተዋታልም።

ስለ አፍ መፍታት የሚወራው ግን ሐሰት ነው። ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ወሬው የተነሣው ከመንደር ቡና ላይ፣ ወይም ፊደል ካልቆጠረ ሰው አፍ አይደለም። በ1998 አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የጻፈውን፣ «ላንሴት» የተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት አተመው። ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርመራ ሐኪሙ በሥራው ታማኝነት የጎደለው መሆኑ ታወቀ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘ፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በዴንማርክ 657,461 ልጆችን ተከታትሎ በ2019 የታተመው ጥናትም በክትባቱና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። ኩፍኝ ግን ቀልድ አያውቅም። በ2018 እና በ2019 እዚህ አገር ከ4,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ የሞቱም አሉ። ሐሰቱን ያመኑ ሁሉ አላዋቂዎች ናቸው የሚል የጤና ሠራተኛ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ደግ ነው፤ ወሬው ዓለምን የዞረው ነጭ ካባ ለብሶ ነውና።

የእናቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። በታኅሣሥ 2012 በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ እናቶች የደረሰባቸውን ተናገሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዞ ሲጠባበቁም ሆነ እዚህ ከገቡ በኋላ፣ ለሦስት ወር እርግዝና የሚከለክለውን «ዴፖ ፕሮቬራ» የተባለ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው እንደተወጉ አስረዱ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለኩፓት ሆሊሞቹ ደብዳቤ ጻፉ። የሕክምናው ትርጉም በሚገባ እንዳልገባት የምታሠጋ ሴት ካለች፣ ኢትዮጵያዊትም ትሁን ሌላ፣ መርፌው በዝምታ እንዳይታደስላት አዘዙ። በኋላም የመንግሥት ተቆጣጣሪው ነገሩን መርምሮ፣ በግዳጅ ወይም በማስፈራራት እንደተሰጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። መርፌው ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ፈቅደውና መርጠው የሚወስዱት ነው። ጥያቄው ተነግሯቸው ነበር ወይ የሚለው ነው። እናቶቹ ያስታወሱትን የተቆጣጣሪው ወረቀት ከልባቸው አላወጣውም።

ከዚህ በፊትም የደሙ ነገር አለ። አዲስ ለመጣችሁ ቤተሰቦች ባጭሩ ልንገራችሁ። በጥር 1996 አንድ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ለሕሙማን ብለው የሰጡት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል ኖሯል። ባለሥልጣኖቹ ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ የኤድስ ቫይረስ በብዛት ይገኛል የሚል ምክንያት ሰጡ። ለምን በግልጽ አልተነገረም ሲባሉ ደግሞ፣ ማኅበረሰቡን ላለማስቀየም ነው አሉ። ጥር 28 ቀን 10,000 ያህል ሰው በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ጉዳዩን እንዲመረምር በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተሠየመ።

«ላለማስቀየም» የሚለውን ቃል ደግማችሁ አንብቡት። ወንድማችን እጁን ዘርግቶ ደሙን ሲሰጥ አመስግነው ተቀበሉት፤ ዘወር ሲል ግን ደሙን ጣሉት። ይህም ለእርሱ ተብሎ ነው! ለበጎ የተነገረ ውሸት ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ በማኅበረሰባችን ዘንድ «ደብቀውን ይሆናል» የሚል ሰው ሐሳቡን ከባዶ አላመጣውም። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ»ም ይላሉ። እናቲቱ ሁለቱም ተረት በአንድ ጊዜ ይዘዋታል። ልጡን ልጥ ነው ለማለት ግን አስቀድሞ እባቡ እባብ እንደነበረ ማመን ያስፈልጋል።

እኛስ እውነት አንደብቅም ወይ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እንደብቃለን። ዘመድ ሲሞት ለቅርቡ ሰው ወዲያው አንነግርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰዓቱን መርጠው፣ ማለዳ ሄደው ያረዱታል። ታማሚ ሲኖረንም ሐኪሙን ለብቻው ጠርተን «ለእርሱ አትንገረው» ብለን እንለምናለን። ይህን በብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ እኔም በቤቴ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን መርዶ ይነገራል። የሚዘገየው እስኪነገር ድረስ ነው፤ የሚያረዳውም አብሮ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ነው። የደሙ ነገር ጨርሶ እንዳይነገር የታሰበ ነበር። ስለ ታማሚው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ብዙ ጊዜ የምንደብቅለት ለእርሱ ብለን ሳይሆን ፊቱን ላለማየት ይመስለኛል።

እንግዲህ የጤና ሠራተኛው ሥልጠና ከዚህ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ስለ ክትባት ብዙ ቁጥር ማስጠናት ቀላሉ ነው። ሠራተኛዋ የተቀመጠችበት ሰፈር ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ካላወቀች፣ «የትኛው መርፌ?» እያለች ትቀራለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት «ማን ነገረሽ? በጣም ያስፈራሽስ የቱ ነው?» ብላ መጠየቅን ትማር። የተፈጸመውን «አዎ፣ ሆኗል፤ ጥፋት ነበር» ማለትን፣ ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ነው ማለትን፣ ሐሰቱን ደግሞ ሳያቅማሙ ሐሰት ነው ማለትን ትማር። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ወሬ ነው» ማለት እውነተኛውንም ከሐሰተኛው ጋር መቅበር ነው። ከሁሉም የሚከብደው «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ» ማለት ነው። ነጭ ካባ የለበሰ ሰው ይህን ቃል ሲናገር ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። በሰማሁ ጊዜ ግን የእናቶቹ ትከሻ ዘና ሲል አይቻለሁ።

ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል። የታካሚ መብት ሕግ የወጣው በዚያው በ1996፣ ከደሙ ሰልፍ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሰው የሕክምናውን ጥቅም፣ ጉዳትና ሌላ አማራጭ በሚገባው መንገድ ሳይነገረውና ሳይፈቅድ መታከም እንደሌለበት ይደነግጋል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ተቋማቱ አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ የ10 ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ የእናቱን የማኅፀን ሕመም እንዲተረጉም አታድርጉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልመና አይደለም።

የአስተርጓሚው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ረፉአ ሽሌማ» በተባለው ፕሮግራም ከእኛው ወገን የሆኑ ሰዎች በየክሊኒኩ በአገናኝነት መሥራት ጀመሩ። ሥራው ብዙ ጠቅሟል። አገናኙ ግን በሁለት ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ነው። ወገኑ በሹክሹክታ የነገረውን ለሐኪሙ ቢያወጣ ከዳተኛ ይባላል፤ ባያወጣ ታማሚው ይጎዳል። እኔ በዚያ ቀን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። እናቲቱ የጠየቀችው ነርሷን ነበር፤ እኔ ግን ጥያቄዋን መንገድ ላይ አስቀረሁት።

በእኛም በኩል ዕዳ አለ። መጠርጠር መብት ነው፤ ጥርጣሬን ሳይጠይቁ ለሌላ ማሻገር ግን ሌላ ነገር ነው። በስልክ የመጣን የድምፅ መልእክት፣ ማን እንደተናገረው ሳናውቅ ለአርባ ዘመድ ስንልክ፣ ተናጋሪዎቹ እኛ ሆነናል። አርባኛው ቤት ውስጥ ያልተከተበ ሕፃን ቢታመም «እኔ ማስተላለፌ ነው» የሚለው መልስ አያረካኝም። ይህን ለጎረቤቶቼ ስናገር፣ «ሐኪሞቹ ሲደብቁ ምን ተባሉ?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ ሕፃኑ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የለበትም።

እናቲቱ በሄደች ዕለት፣ በምሳ ሰዓት ከነርሷ ጋር ተቀመጥኩና የ1996ቱንም የ2012ቱንም ነገርኳት። ወጣት ናት፤ የያዘችውን ቡና አስቀምጣ፣ «በትምህርት ቤት ይህን ማንም አልነገረኝም» አለች።

በሳምንቱ እናቲቱ ከምራቷ ጋር መጣች። ነርሷ መርፌውን አላነሣችም፤ ወንበሯን ወደ እነርሱ ሳበችና፣ «ባለፈው የጠየቅሽኝን አልተረዳሁም ነበር። አሁን ሰምቻለሁ፤ ማዘንሽም መጠራጠርሽም አይገርመኝም። ይህኛው መርፌ ምን እንደሆነ ልንገርሽ» አለች። ስለ ትኩሳቱም፣ ስለ ሽፍታውም፣ ስለ ብርቱ አለርጂውም ነገረቻት። እናቲቱ የክትባቱን ስም በአማርኛ ፊደል እንድጽፍላት ጠየቀች፤ ሌሊት ቢያተኩስ የሚደወልበትን ቁጥርም አስጻፈች። ከዚያ በኋላ ልጁን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እጅጌውን ሰበሰበች።

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። «የዚያኛውን መርፌ ነገርስ?» አልኳት።

«እርሱን እርሷ አትመልሰውም፣ እቴ» አለችኝ። «ግን ሰምታዋለች።»