ባለ ወፍጮውና ረዳቱ

አንድ ባለ ወፍጮ ነበር። ለሰው ሲሆን «ኧረ ታከም» ባይ፣ ለራሱ ሲሆን ጠላውን ጠጥቶ የሚተኛ።

አንድ የክረምት ጠዋት በ380 ቮልት የሚሠራው ሞተሩ አልነሳ ሲለው፣ እጁን ሳያደርቅ የተላጠ ገመድ ነካ። ኮረንቲ ያዘው። መዳፉ ገመዱን እንደጨበጠ ቀረ፤ ጡንቻ በኮረንቲ ሲኮማተር ልቀቅ ቢሉት አይለቅም። ረዳቱ ደንግጦ ሊያላቅቀው ክንዱን ቢይዝ፣ እሱም ተወርውሮ ከግድግዳው ተላተመ። ከዚያ ነው ተንፏቆ ማጥፊያውን ያወረደው።

ባለ ወፍጮው ተነሥቶ ራሱን ፈተሸ። አውራ ጣቱ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ግራ እግሩ ሥር ሌላ አንዲት። በቃ። «እኔን ኮረንቲ መች ይደፍረኛል!» ብሎ ሣቀ። ጎረቤት ወተት አመጣችለት፤ ወተቱ ምን እንደሚያደርግለት ግን የጠየቀ የለም።

ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ አንዲት አሮጊት አልሣቁም።

«ልጄ፣ አምና ሌባው መጋዘንህን የበሳው ቀዳዳ ምን ያህል ነበር?»

«ክንድ ቢያስገባ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ደፍነኸው ተኛህ?»

«ኧረ! ጆንያውን አንድ በአንድ አስመዘንኩ እንጂ። ስንቱን አጉድሎት!»

«በእጅህ ገብቶ በእግርህ የወጣውስ? መሀል መንገዱ ላይ እኮ ልብህ አለ።»

ዝም አለ። ግን ሐኪም ጋ አልሄደም፤ ገበያተኛ ተሰልፎ ማን ወፍጮ ይዘጋል! የሄደው ማታ ሽንቱ ጠቁሮ ሲያይ ነው።

ሆስፒታል የልቡን ምት በኢሲጂ አነሱት፤ ደምና ሽንቱን መረመሩ።

«ቆዳዎ ብዙም አልተጎዳም» አለችው ሐኪሟ። «ውስጥ ግን ጡንቻዎ ተጎድቷል፤ ሽንትዎን ያጠቆረው፣ ኩላሊትዎንም የሚያሰጋው ከሱ ወደ ደም የገባው ነገር ነው። በደም ሥር ፈሳሽ እንሰጥዎታለን። የልብዎ ምትም ስለተዛባ እዚሁ ያድራሉ። ለመሆኑ ከኮረንቲው ማን አላቀቀዎት?»

«ረዳቴ።»

«ነክቶዎት ነበር?»

«አዎ፣ ወረወረው። ግን ደህና ነው፤ ጆንያ ሲሸከም ነው የዋለው። ምንም አላለኝም።»

«ጠይቀውታል?»

ባለ ወፍጮው ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ረዳቱን ቀስቅሳ አሁኑኑ በባጃጅ ይዛው እንድትመጣ፣ «ምንም አልሆንኩም» ቢላትም እንዳትሰማው።