የቅዳሜው ዳዊት

ልጆቼ፣ «ጭንቅ ሲመጣ እጸልያለሁ» ስትሉ እሰማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ያን ጊዜ ቃሉን ከየት ታገኙታላችሁ የሚለው ነው። እኔ ራሴ አጥቼው አውቃለሁ።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ። ከወልድያና ከቆቦ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱ ተጠልሎ የነበረው ሕዝብ ጓዙን አንጠልጥሎ፣ ልጁን አዝሎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በማግሥቱ ኮምቦልቻንም ያው ዕጣ ደረሳት። እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤቴ ቀረሁ። የተኩሱ ድምፅ ጦሳን እየመታ ሲመለስ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆምኩና አፌን ከፈትኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቃል አልመጣልኝ አለ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ በልጅነቴ የኔታ ሥር ዳዊት የደገምኩ፣ ዲዳ ሆንኩ።

እጄ ግን በልማዱ ከግድግዳው ማኅደሩን አወረደ። ዳዊት ለየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል፤ የቅዳሜው ድርሻ ከ131 እስከ 150 ነው። ጧፍ አበራሁና ጀመርኩ። 136ኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ከተማቸውን የተነጠቁ ሰዎች በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው የሚያለቅሱት ልቅሶ ነዋ! ስንት ቅዳሜ በጥድፊያ ያለፍኩት መዝሙር ነው። ያን ቀን ግን ቦርከና ዳር የተጻፈ መሰለኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ቀጠልኩ። የቅዳሜው ድርሻ የሚያልቀው በምስጋና ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋናው ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ አልነበረም፤ ምላሴ ላይ ብቻ ነበር። እጄም መንቀጥቀጡን አልተወም። ሆኖም ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ መልሼ ተነሣሁና የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ከጸሎቱ በፊት ይህን ለማድረግ አቅም አልነበረኝም።

ስለዚህ በደኅናው ቀን አፋችሁን አስለምዱት። ከልብ የሚፈልቅ የራስ ጸሎት መልካም ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ግን የራሱ ቃል ቀድሞት ይሸሻል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ እናቴ ልጅ ነበረች። አያቷ ነጠላዋን አልብሳት ኪርያላይሶን እያስቆጠረች አቆየቻት፤ እናቴም ለእኔ ያወረሰችኝ ይህንኑ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ሽፍት እየተቀያየረባችሁ ጊዜ እንደምታጡ አውቃለሁ። ሰርቪስ እስኪመጣ አቡነ ዘበሰማያት ይደርሳል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በስልካችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። 41 ኪርያላይሶን በጣት አንጓ ይቆጠራል። ጥቂት ይሁን፣ ግን አይቋረጥ።

ደግሞ ተቆጥታችሁም ቢሆን ቅረቡ። የእኅቴ ልጅ በዚያ ሰሞን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሌት ተቀን ለምኜለት ነበር። ለምን እንዲህ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ሥዕሉ ፊት የቆምኩት ለኩርፊያ ነው፤ አንድ ቃል ሳልናገር ቆሜ ቆሜ እመለስ ነበር። ያም ጸሎት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ሐና በሴሎ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሥጿታል፤ እግዚአብሔር ግን ልመናዋን ሰማ። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ልመና ሦስት ጊዜ ደገመ፤ ጽዋዋም አላለፈችም። «እምነትህ ቢጸና ኖሮ ልጁ በተመለሰ» ያለኝ ሰው ነበር። እናንተንም እንዲህ የሚል ቢመጣ አትስሙት፤ በሐዘናችሁ ላይ ሌላ ሸክም ነው የሚጭንባችሁ። የተኩሱ ድምፅ ዛሬም ሌሊት የሚያባንናችሁ ካላችሁ ጸበል ሂዱ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በእነዚያ ሳምንታት መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ ዝግ፣ ወፍጮ ቤት ዝግ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ማድጋው አስቀድሞ ጾም ይዞ ነበር። ያን ቅዳሜ በሯን ያንኳኳሁባት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ከዚያ ወዲህ እህሏን በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታ ከራሷ ልጆች አፍ ቀንሳ ታመጣልኝ ነበር። «አብሽሩ ጋሼ» ትለኛለች፣ ለእኔም ዱዓ እንዳደረገችልኝ ትነግረኛለች። እኔም ከጸሎቴ ስሟን አልለየሁም። የወሎ ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ኅዳር 27 ሰኞ ነበር፣ የመድኃኔዓለም ዕለት። ከተሞቹ እንደተለቀቁ ገና አልሰማሁም። በንጋት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ጧፍ አልቆብኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ ዳዊቴን ገለጥኩ። ሰኞ ዳዊት ከአንድ ነው የሚጀመረው። 30ውን ሳልጨርስ ጎረቤቴ ግቢው በር ላይ ሆና ትጣራለች። ጣቴን ገጹ መሐል ይዤ ወጣሁ።