ለታናናሾቻችን የምንመርጠው መጽሐፍ



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አነጋገር ከሄድን ለልጅ የሚሆነውን መጽሐፍ መምረጥ ያለበት ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የሚያነበው ልጁ ነው። እኛ ይጠቅመዋል ያልነውና እርሱ የሚወደው መጽሐፍ ሲለያዩ የትኛውን እንስጠው? ይህ ጥያቄ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ለምናስተምር ወጣቶች ሁሉ የቀረበ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሥዕል የበዛበትን የሕፃናት ተረት ትቶታል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ግን በርዝመቱም በፍሬ ነገሩም ገና ይከብደዋል። በመካከሉ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ይህን ችግር ለማቃለል የደከሙ አሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ማጣቱ ስለ ቈረቈረው፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝ ጋር በመተባበር በ2003 እ.ኤ.አ. በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሆኖም የጀሞ ወይም የሀና ማርያም ልጅ አራት ኪሎ ድረስ ለመሄድ የታክሲ የሚከፍልለትና እጁን ይዞ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ ለብዙው ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገቡ ያለው ታላቅ ወንድሙ ወይም ታላቅ እኅቱ ነው።

አንዳንዶች «ምክር የሌለበት መጽሐፍ ለልጅ አይሰጥም» ይላሉ። ነገር ግን የማይወደድ መጽሐፍ አይነበብም፤ ያልተነበበ ምክርም ማንንም አይመክርም። ሌሎች ደግሞ «የወደደውን ያንብብ» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ይህም ከኃላፊነት መሸሽ ነው። በቀድሞ ተረቶቻችን ውስጥ ዕውሩ፣ አንካሳውና ሞኙ መሳቂያ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሚያዳምጡት ልጆች መካከል እግሩን የሚያነክስ ቢኖርስ? መጽሐፉን መደበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ አብሮ ማንበብና «አሁን የሳቅነው በማን ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ሦስት ግዴታ ያለበት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ራሱ ሳያነበው አይስጥ፤ ያልቀመሱትን ምግብ ለልጅ ማጉረስ አይገባምና። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይወቅ። ሦስተኛ፣ ልጁ አልወደድኩትም ብሎ እንዲመልስ ይፍቀድለት፤ አንብቦ ሲጨርስም አስቀድሞ «ምን ትምህርት አገኘህ?» ብሎ እንደ ፈተና አያስጨንቀው።

ቶሎ ለሚሰለች ልጅ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ይስማማዋል፤ ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ግጥሞቹም ለቃል ጥናት ይመቻሉ። ከአያቱ ተረት እየሰማ ላደገ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» (1948 ዓ.ም.) አለ። ጀብዱ ለምትወድ ልጅ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አለላት፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት ታገኛታለች። ቋንቋው የቀድሞ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነበበላት ቢሆን ይሻላል። በውስጡ ጦርነትና የባሪያ ንግድ አለበት፤ እነዚህን ገጾች ዘለን ከማለፍ ይልቅ ስትጠይቀን መልስ ለመስጠት እንዘጋጅ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ እናንብብና ለአንድ ልጅ እናውሰው። ሳይጨርስ ቢመልሰው አንቈጣ፤ ምክንያቱን ጠይቀን ሁለተኛውን እንፈልግለት። ምርጫችን እየተስተካከለ የሚሄደው ከልጁ መልስ ነው።